ሚስቴን የጠረጠርሁባቸው ወራት

መጀመሪያ የያዘኝ ማጅራቴን ነው። ስማዳ፣ ከወገዳ ከተማ በታች ባለው አውድማችን ገብስ ስወቃ ዓይኔ ብዥ አለ። ከዚያ ነሰረኝ። ደሙ አልቆም አለ። በጃንሆይ ዘመን በእኛ ሰፈር ሐኪም አልነበረም። ሚስቴ የሻረግ በበቅሎ አስቀምጣ መካነ ኢየሱስ ከተማ አደረሰችኝ፤ ከዚያ በመኪና ደብረ ታቦር ገባን።

ሐኪሙ ክንዴ ላይ ግፊቱን ለክቶ፣ "የደም ግፊትዎ በጣም ከፍ ብሏል። ይህ ሬሰርፒን ይባላል፤ በየቀኑ ይዋጡ" አለኝ።

ዋጥሁ። ራስ ምታቱ ለቀቀኝ። በሁለተኛው ወር ግን አፍንጫዬ ተደፈነ። እንቅልፍ ራቀኝ። ልቤ ጨለመ። ኪኒኑን አልጠረጠርሁም፤ አሽሎኛልና። የጠረጠርሁት የሻረግን ነው። ከወንድሟ ጋር በርስት እንካሰስ ነበር። እሱ መርዝ አስይዟት ይሆናል አልሁ።

"መጀመሪያ አንቺ ቅመሺ" እላት ጀመር። ከፊቴ ትቀምሳለች። አንድ ቀን ጓዳ ስፈትሽ ቋጠሮ አገኘሁ።

"ምንድን ነው የደበቅሽው?"

"ጥቁር አዝሙድ ነው።"

አሸተትሁት። አዝሙድ ነው። አላመንኋትም። አለቀሰች። አላዘንሁላትም። መሞት አማረኝ።

ኪኒኑ ሲያልቅ እንደገና ይዛኝ ሄደች። መንገድ ላይ ከእጇ ውኃ እንኳ አልተቀበልሁም። ሐኪሙ ፊት ስንቀርብ ቀድማኝ ተናገረች፦ "ዶክተር፣ ደሙስ ተሻለው፤ ሰውየው ግን ጠፋኝ።"

ሐኪሙ ብዙ ጠየቀኝ። ቀጥሎ፣ "መድኃኒቱ የደም ሥርን የሚያጠብበውን ንጥረ ነገር ያሟጥጣል፤ አንጎል ውስጥ ያለውንም አብሮ ያሟጥጠዋል። ያኔ ሰው ይከፋዋል፣ ክፉ ያስባል። ጥፋቱ የእርስዎም የባለቤትዎም አይደለም" አለኝና ሽንት በሚያበዛ ሌላ ኪኒን ለወጠልኝ።

ሽንቱ አሰልችቶኝ፣ ብድግ ስልም አንዳንዴ እያዞረኝ፣ ሳምንታት ካለፉ በኋላ ጥርጣሬው እንደ ጉም ቀስ እያለ ተገፈፈልኝ፤ እንቅልፌም ተመለሰ፣ በሬዎቼን ጠምጄ እስከ ቀትር ማረስም ቻልሁ። ይቅርታ ስጠይቃት የሻረግ፣ "ልገድልህ ብፈልግ ያን ሁሉ አገር ምን አስኬደኝ?" ብላ ፊቷን አዞረች። ይቅር ያለችኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

ለእርሷም ለሐኪሙም ምስጋናዬ አያልቅም። የደም ግፊት ኪኒን የጀመራችሁ ወገኖቼ፣ ስለ ራስ ምታታችሁ ብቻ ሳይሆን ስለ ልባችሁም ለሐኪም ንገሩ። ኪኒኑን በራሳችሁ አታቋርጡ፤ ሄዳችሁ ጠይቁ። እኔ ባለመጠየቄ ያዳነችኝን ሴት ገዳይ አድርጌ ከረምሁ።