ቻይናው ኮረብታ የወጣ ቀን

ትናንት ከአየር ጤና በታክሲ ስመለስ አንዱ ተሳፋሪ፣ «ቻይና የቆመበት ሰፈር አይተርፍም» ሲል ሰማሁና ሳቅሁ። ታላቅ ወንድሜ ዳዊት ካረፈ ስምንት ወሩ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰው መሃል ስስቅ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም።

ያሳቀኝ ነገር የሆነው የአስራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ነው። ጥቅምት ነው፤ ብርዱ አጥንት ይገባል፣ ሣሩ ግን ገና አልደረቀም። ዳዊት በዓለም ባንክ ሰፈር በኩል መንገድ ለሚሠሩ ቻይናውያን ያስተረጉም ነበር። አንድ እሑድ ሚስተር ሊ የሚባለውን ቀያሽ ይዞ መጣና ሦስታችን ከቤታችን ጀርባ ያለውን ኮረብታ ወጣን። በእነሱ የጨረቃ አቆጣጠር የዘጠነኛው ወር ዘጠነኛ ቀን ነበር። በዚያ ቀን ከፍ ያለ ቦታ ይወጣል፤ ክፉው ከታች ይቀራል ይላሉ። ሽማግሌም ይከበራል። ሚስተር ሊ ኮረብታው አናት ላይ ቆሞ፣ ሰፈሩን በጣቱ እያሳየ ብዙ አወራ። ቢጫ አበባም ለቀመ። አገሩ ቢሆን ሻይ ውስጥ ይጨምረው ነበር።

ከታች ሆኖ ያየን ሰፈር ግን ቤት ለማፍረስ የምንለካ መስሎታል። ስንወርድ ጎረቤቱ በራችን ላይ ተሰብስቧል። አባባ ዱላቸውን ተደግፈው መሃል ቆመዋል። ያን ቤት ጭቃውን ራሳቸው ረግጠው ነው የሠሩት።

«ዳዊት፣ የአባትህን ቤት ነው ለአፍራሽ ያሳየኸው?» አሉት።

ዳዊት አፉን ሳይከፍት ሚስተር ሊ በሁለት እጁ የሩዝ ኬክ ዘረጋላቸው። አባባ ኬኩን አዩ። ሰውየውን አዩ።

«ካሳው ይሄ ነው?»

ዳዊትን ሳቁ አላናግር አለው። አጥሩን ይዞ ቆየና፣ «አባባ፣ የሚፈርስ ቤት የለም። ዛሬ የሽማግሌ ቀናቸው ነው። በነሱ አፍ ‹ዘጠኝ› እና ‹ረጅም ዘመን› ድምፃቸው አንድ ነው። ዕድሜዎ ይርዘም ነው የሚልዎት» አላቸው።

«እኔስ ስልሳን አልፌ የለ? የኔ የታለ?» አሉ ጎረቤታችን እትዬ አስካለ።

አባባ ቀመስ አደረጉ። «አባት አለው?» ብለው ጠየቁ። አለው፤ ዛሬ ከሌሎቹ ልጆቹ ጋር ተራራ ወጥቷል፤ አንድ ሰው ጎድሎባቸዋል አለ ዳዊት። አባባ አግዳሚው ላይ ጠጋ ብለው፣ «እዚህ ተቀመጥ በለው» አሉ።

ከቀብሩ ወዲህ አባባ የሚያነሱት ያንን ቀን ነው። «ልጄን በሰው ፊት ጠረጠርኩት» ይላሉ። ዛሬ ጠዋትም ይህንኑ አሉ።

«እሱ እኮ ያንን ሲያወራ በሳቅ ነበር የሚሞተው» አልኳቸው። «የሚሞተው» የሚለው ቃል ከአፌ ከወጣ በኋላ ደነገጥሁ።

አባባ ግን ቀና አሉ። «አልተቀየመኝማ?»

«ኧረ በፍጹም።»

እስከ ዛሬ ያንን ቀን ሲያነሱ ወሬ እቀይር ነበር። የዳዊትን ስም አለማንሳት አባባን ከሐዘን መጠበቅ ይመስለኝ ነበር።