የወለቴ እጅ ያለበት ግድግዳ

ቤት መምረግ የጀመርሁ ዕለት አለቃችን ጭቃ አስጨበጠኝና «እስቲ ጭመቂው» አለኝ። ጨመቅሁት። በጣቶቼ መካከል ሾልኮ ወጣ።

«ጭድ አንሶታል። ሂጂ እንደገና አቡኪ።»

ሙያውን የያዝሁት እንዲህ ነው።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ጋፋት ላይ መድፍ በሚሠራበት ዘመን፣ አንድ ፈረንጅ የፈረሰ ቤት አሳደሰን። የአገሩንም የእኛንም ዕቃ ሰብስቦ ለሰው ሊያሳይበት ነው። «ሲያልቅ መጀመሪያ የምታዩት እናንተ ናችሁ» አለን።

ከእኛ ጋር ወለቴ የምትባል ሸክላ ሠሪ ነበረች። አፈር በመምረጥ የሚደርስባት አልነበረም፤ ሰው ግን ቡዳ ናት እያለ ይሸሻታል። ምርጊቱ መጠንከሩን የምታውቀው መዳፏን ግድግዳው ላይ አሳርፋ ነው። የቀለበት ጣቷን ማጭድ ስለቆረጠው ምልክቷ ከሌላው ይለያል። አንዱን ምልክት ፈረንጁ አየና «ይህን አትድፈኑት» አለን።

ዕቃው የተደረደረ ዕለት ወለቴ ቀሚሷን አጥባ መጣች። አለቃችን በሩ ላይ ቆሞ እኛን አሳለፈና እሷን በክንዱ ከለከላት።

«አንቺ እዚሁ ቆይ። ብርሌው በዓይንሽ ይሰነጠቃል።»

አብረውን የሚመርጉት ሴቶች ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ ግን ገባሁ።

ጋሻ፣ ሰዓት፣ መስታወት፣ ብርሌ አየን። ከሁሉ መካከል ዙሪያውን እንጨት የተገጠመለት የወለቴ መዳፍ አለ።

«ይህ የማን እጅ ነው?» አለ ፈረንጁ።

አለቃችን ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

«ባለቤቷ ደጅ ቆማለች» አልሁ ጮክ ብዬ። «አለቃ፣ እጇን አስገብተው እሷን እንዴት ያስቀራሉ?»

ፈረንጁ ደንግጦ «ጥሪያት» አለኝ። ሮጥሁ።

ወለቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች።

«እታለም፣ ምን አሳዩሽ?»

«እጅሽን።»

መዳፏን ዘርግታ አየችውና ሳቀች። «እሱንማ ይዤው ነው የመጣሁት።»

«ተነሽ እንግባ፤ ፈረንጁ ጠርቶሻል።»

ሳቋን ተወችው። «ጭቃውን ሳቦካ ዓይኔ ምንም አላላችሁም። ዛሬ ነው ቡዳ የሆንሁት? አንቺስ ስትገቢ ዞር ብለሽ አይተሽኛል?»

አላየኋትም ነበር። ተከራክሬላት እንደ ጀግና ወጥቼ፣ ፊቴን የምደብቅበት አጣሁ። ቀሚሷን አራግፋ ቁልቁለቱን ወረደች። ዳግም ከእኛ ጋር አልሠራችም።

ዛሬ መራጊዎቹን የምመራ እኔ ነኝ። ጭቃ ሳይቦካ ባለቤቱን እጠይቃለሁ፦ «ቤቱ ሲያልቅ ሁላችንም እንገባለን?» ካቅማማ ሥራውን አንይዝም። የልጅ ልጆቼም ይህን ይያዙ፤ የሚጠየቀው ደጅ ሳሉ ነው። እኔ የጠየቅሁት ከገባሁ በኋላ ነበር።