ገለቴ የአያቷን ስም ስትፈልግ

ተረፈች እባላለሁ፤ የገለቴ ጎረቤት ነኝ። የሷን ነገር ባሰብኩ ቁጥር ዛሬም ደሜ ይፈላል።

ገለቴ ባሏ ሞቶባት፣ ፉሪ ላይ ከአባቷ የወረሰችውን መሬት እያሳረሰች አንድ ልጇን ፀሐይን ያሳደገች ሴት ናት። በ1958 ዓ.ም. ጭቃ ሹሙ ካሳሁን ድንገት ተነሣና «አባትሽም አያትሽም የኛ ጭሰኞች ነበሩ፤ መሬቱን ልቀቂ» አላት። ዓይኑን በጨው አጥቦ! የሱ አያት ኦቦ ነገሳና የሷ አያት ኦቦ ጉተማ የአንድ እናት ልጆች መሆናቸውን እኮ አገር ያውቀዋል።

ገለቴ ሰበታ ወርዳ «የግብር መዝገቡ ይታይልኝ» አለች። ጸሐፊው ዛሬ ነገ እያለ አመላለሳት። በመጨረሻ ሲገልጠው የነገሳ ስም ብቻ! ድሮ መሬት ሲለካ ወንድማማቾች ታላቃቸውን አለቃ ብለው በሱ ስም ያስመዘግባሉ፤ ታናሹ ምንዝር ይባልና ግብሩን በአለቃው እጅ ይከፍላል። የታናሹን ስም የሚጽፍለት የለም። የወንድሜ የልጅ ልጅ ይክደኛል ብሎ ማን ያስባል?

«ጉተማ የሚባል የለም» አላት ጸሐፊው። የአባቶቿን ስም እስከ ሰባት ቤት ዘረገፈችለት። «አንቺ ሴትዮ፣ በአፍ አይሆንም» ብሎ መዝገቡን ዘጋ። ወይ ጉድ! ያኔስ የመዘገቡት በአፍ ጠይቀው አይደል እንዴ?

ገለቴ ሰበታ ፍርድ ቤት ከሰሰችው። ምስክር እንዳትጠራ፣ የፉሪ ሽማግሌ ሁሉ ጭቃ ሹሙን ይፈራል። አንዱ አመመኝ አለ፣ አንዱ ረሳሁት አለ። እቴ! አገሩ ላይ ወንድ ጠፋ።

እኛ መዝገብ መዝገብ ስንል፣ ለካ ፀሐይ ሳትነግረን ሰበታ ነጋዴው አቶ ብዙነህ ሱቅ ሄዳ ኖሯል። በቀጠሮው ቀን ይዛቸው ችሎት ገባች። እሳቸው የካሳሁንን ፊት አይፈሩም።

«ጌታዬ» አሉ ለዳኛው፣ «የካሳሁን ልጅ ይህችን ልጅ ወዶ ሽማግሌ ልኮኝ ነበር። አባቱን ላማክር ብሄድ፣ ‹ነውር ነው! የኔ አያትና የልጅቷ ቅድመ አያት ወንድማማቾች ናቸው፤ ሰባት ቤት ሳይሞላ አይጋቡም› ብሎ መለሰኝ። በጣቱ እየቆጠረ ነው የነገረኝ።»

ካሳሁን ብድግ ብሎ «እሱ ለጋብቻ ነው እንጂ ለመሬት አይደለም!» አለ። ስሙት እንግዲህ! ችሎቱ በሳቅ አውካካ። እኔ ግን ሳቁ አልመጣልኝም። ፀሐይ ያ ጋብቻ ከቀረ ወዲህ የጠየቃትን ሁሉ እምቢ ብላ እናቷ ቤት ቀርታለች።

ዳኛው ጉተማ ከነገሳ ጋር እንዲጻፍ፣ መሬቱም ለገለቴ እንዲጸና ፈረዱ። ገለቴ እልል አለች። ስንወጣ ካሳሁን አያፍርም፣ ወደ ፀሐይ ጠጋ ብሎ «መቼም ዘመድ ነን ልጄ፣ አትቀየሚኝ» አላት።

ፀሐይ ዓይን ዓይኑን አየችው።

«መካድዎ ካልቀረ» አለችው፣ «ምነው ያኔ በካዱን ኖሮ! ልጅዎን አገባ ነበር።»