ፈይዛ ስትቆጥር

ፈይዛ ከማግባቷ በፊት ከደባርቅ ተነስታ እንግዳ ይዛ ስሜን ተራራ ትወጣ ነበር። ከዚያ አራት ልጅ በላይ በላዩ ወለደችና አሥራ አንድ ዓመት ቤት ዋለች። ትንሹ ትምህርት ቤት በገባ ማግስት የድሮ ጫማዋን ወልውላ አስጎብኚዎች ማኅበር ከተፍ አለች። ስሟ ተራ መዝገብ ላይ እንዲመለስ ነው፤ ተራ የሌለው እንግዳ አያገኝም።

ሊቀመንበሩ ገዱ ነው። መንገዱን ያስተማረችው እሷ ናት፤ ያን ጊዜ ገደል ሲያይ በእንብርክክ ይሄድ ነበር። ወንበር ግን ያስረሳል።

«መንገዱን ረስተሽዋል፤ እንግሊዝኛሽም ዝጓል» አላት። «አንድ የሙከራ ጉዞ ትመሪያለሽ፣ እኔ ከኋላ ሆኜ እገመግማለሁ። ከወደቅሽ ሁለተኛ እንዳትመጪ።»

ዕቃውን በሁለት በቅሎ የጫንኩት እኔ አለነ ስለሆንኩ ሁሉንም በዓይኔ አይቻለሁ።

አራት ጀርመኖችና ጠመንጃውን ያነገተ የፓርኩ ጠባቂ ስካውት ይዘን ከሳንቃበር ወደ ግጭ ማደሪያ ሰፈር ተነሳን። ፈይዛ ፈርታለች፤ ስትፈራ ደግሞ እናትነቷ ይብስባታል። ረጅሙን ፈረንጅ ኮፍያ አድርግ ብላ ተቆጣችው፤ እሺ ብሎ አደረገ። በየሃያ ደቂቃው ታስቆመንና ጣቷን ቀስራ ትቆጥረናለች። አራቱ እንግዶች፣ ስካውቱ አምስት፣ አለነ ስድስት፣ ገዱ ሰባት። እኔን! በአርባ ስምንት ዓመቴ!

ገዱ እየሳቀ የግምገማ ቅጹን አወጣና «ጉድለት» ከሚለው ሥር «ሰውን እንደ ሕፃን ትቆጥራለች» ብሎ ጻፈ። 

ግጭ ልንደርስ ስንል ጉም ወረደ፤ የበቅሎዬ ጭራ እንኳ ጠፋኝ። ፈይዛ ቆማ ቆጠረች። ስድስት። ደገመች። ስድስት።

«ገዱስ?»

ሊሸና ከመንገድ ወጣ ብሎ ነበር።

«ማንም ንቅንቅ እንዳይል!» ብላ ጮኸች። በአማርኛ ነው የጮኸችው፤ ጀርመኖቹ ሁሉ ደርቀው ቀሩ። ስካውቱን አጠገባቸው ትታ ወደ ጉሙ ዞረች። «ገዱ! ካለህበት ቁጭ በል! ድምፅህን ከፍ አድርገህ ቁጠር!»

ጥቂት ቆይቶ ከጉሙ ውስጥ ቀጭን ድምፅ መጣ። «አንድ... ሁለት...»

ድምፁን ተከትላ ሄደች። ሠላሳ ሰባት ሲል ደረሰችበት። ኋላ እንደነገረችን፣ የጅባራ ግንድ አቅፎ ተቀምጧል፤ ገደሉ ከእግሩ አምስት እርምጃ አይርቅም። እጅጌውን ይዛ አመጣችው።

ሰፈር ስንደርስ ገዱ ቅጹን አወጣ። «ጉድለት» ብሎ የጻፈውን ሊሰርዝ ሲል ፈይዛ እጁን ያዘችው። «ተወው፣ የጻፍከው እውነት ነው» አለችው። እሱም ከሥሩ «በመቁጠሯ እኔ ተርፌያለሁ። ተራ ይሰጣት» ብሎ ፈረመ። ስታነበው ፊቷን ወደ በቅሎዬ አዙራ አለቀሰች፤ እኔም እንዳላየሁ ሆንኩ።

በማግስቱ ልንነሳ ስንል ጣቷን ቀስራ ቆጠረችን። ሰባት ስትል ገዱ «አቤት!» አለ።