የዶክተር ኪሮስ የቆሮቆንዳ ከሰል

ዶክተር ኪሮስ ባለፈው ማክሰኞ ንጋት ላይ ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል። ቀብራቸው በሳሊተ ምሕረት ተፈጽሟል። ያልሰማችሁ ወዳጆቻቸው ከቦሌ ሚካኤል ባትሪ ነጋዴ ስለሰማችሁ ይቅር በሉኝ፤ በዕድሜዬ ያልሸጥኩት ነገር የለም፣ መርዶ ስነግር ግን የመጀመሪያዬ ነው።

ብዙዎቻችሁ በአስተማሪነታቸው ታውቋቸዋላችሁ። እኔ ያወቅኋቸው ጡረታ ወጥተው ከሱቄ ጀርባ ያለችውን ክፍል ሲከራዩኝ ነው። ተበልቶ የተጣለ የበቆሎ ቆሮቆንዳ ያከስላሉ፣ ይፈጫሉ፣ በኬሚካል ያጥባሉ፤ ከዱቄቱም ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ዕቃ ይሠራሉ። «ይህ ዱቄት ዓይን የማያየው ቀዳዳ ሞልቶታል፤ ኤሌክትሪኩ እዚያ ይሰፍራል። ናኖ የምንለው ይህንኑ ነው» አሉኝ።

«ቀዳዳ የሞላው ዕቃስ እኔም ነበረኝ፤ ገዢ አጣሁለት እንጂ» አልኳቸው። ሳቁ። ሲስቁ የሚንቀሳቀሰው ትከሻቸው ብቻ ነበር።

በዚህ ዕቃ የምትበራውን የመጀመሪያዋን መብራት የሰጡት ደጃችን ላይ በቆሎ ለምትጠብሰው ለዘይነባ ነው። «የሚያበራልሽ የራስሽ ቆሮቆንዳ ነው» አሏት።

«አይ ዶክተርዬ! ይሄን ባውቅ ከበቆሎው ይልቅ ቆሮቆንዳውን አስወድደው ነበር!»

ቆሮቆንዳውን ሰብስቤ፣ በበርሜል አክስዬ የማቀርብላቸው እኔ ነበርኩ። በጋ ገባና በቆሎ ጠፋ። «የለም» ማለት ለነጋዴ ሞት ነው፤ የጎደለውን ጆንያ በባሕር ዛፍ ከሰል ሞላሁት። ጥቁር ከጥቁር ምን ይለያል ብዬ።

ከዚያ ወዲህ የሠሩት ዕቃ አንዱ ኤሌክትሪክ ይይዛል፣ አንዱ አይይዝም። ሥራውን ተረክበው በብዛት ሊያመርቱት የነበሩ ሰዎች «ያንኑ ውጤት ደግመው ያሳዩን» ብለው መለሷቸው። በማግስቱ እጃቸውን ወደ መስኮቱ ዘርግተው ሲመለከቱት አገኘኋቸው። «እጄ መንቀጥቀጥ ጀምሯል መሰለኝ። ጥፋቱ ከእኔ ነው» አሉ። መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። ስንቱን ገዢ በአፌ የረታሁ ሰውዬ፣ ያን ቀን ባዶውን ጆንያ አጣጥፌ ወጣሁ።

የነገርኳቸው አልጋ ከያዙ በኋላ ነው። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። «የሙከራ ደብተሬን አምጣ» አሉ። «ከሰል የቀላቀልክበት ጆንያ የትኛው እንደሆነ በየገጹ ጻፍልኝ። ስሕተትም ከተጻፈ ያስተምራል።»

ደብተሩን ገለጥኩ። የትኛው እንደሆነ አላስታወስኩም። ለእኔ ሁሉም ጆንያ አንድ ነበር።

«እንግዲያው ከመጀመሪያው እንጀምራለን» ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ። አልጀመርንም።

ዶክተር፣ የበቆሎ ወቅት ተመልሷል፤ ዘይነባም ምድጃዋን አውጥታለች። እኔ ከሰል ሳልቀላቅል በፊት የሠሩላት ያቺ የመጀመሪያዋ መብራት ዛሬም ትበራለች። ደብተርዎ ከእኔ ዘንድ ነው፤ ከተማሪዎችዎ አንዱ ይመጣል ብዬ አንድ ጆንያ አክስዬ አስቀምጫለሁ። አፉን ሰፍቼ «ቆሮቆንዳ ብቻ» ብዬ ጽፌበታለሁ። በሰላም ይረፉ ጌታዬ። እጅዎ አልተንቀጠቀጠም ነበር።