ያዘዝኩት መኮማተር

አማርኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋዬ ነው። ጎጃም ተወልጄ ጎጃም ስላደግኩ ሰው አማርኛዬን ሲያደንቅልኝ እንጂ ሲያርመኝ አላውቅም ነበር። ሰቆጣ ተመድቤ ስመጣ ያስፈራኝ ሙቀቱና የመንገዱ አቧራ ነበር፤ ቋንቋዬ ያሳፍረኛል ብዬ አላሰብኩም። ያሳፈረኝ ግን እሱ ነው፤ ያውም በአንዲት ቃል።

ሥራዬ ፊዚዮቴራፒ ነው። ሰዉ ይህን ስም ለመጥራት ምላሱን አያለፋም፤ «የመንግሥት ወጌሻ» ይለኛል። መጀመሪያ ሰሞን ይከፋኝ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ተምሬ ወጌሻ ልባል? በኋላ የአገሩ ወጌሻዎች ስንቱን ውልቃት ወደ ቦታው እንደሚመልሱ ሳይ ነገሩ ስድብ ሳይሆን ሹመት መሆኑ ገባኝ።

ይህን የቃል ጣጣ ያሳዩኝ ሽማግሌ ከጋዝጊብላ ገጠር የመጡ ገበሬ ናቸው። ገደል አፋፍ ላይ አዳልጧቸው ቅልጥማቸው ተሰብሮ፣ ቀኝ እግራቸው ከታፋ እስከ ጣት በጀሶ ታስሮ ከርሟል። ጀሶው የተፈታ ዕለት በክራንች ተደግፈው እኔ ክፍል ገቡ። አብራቸው የመጣችው ከአረብ አገር ተመልሳ ሰቆጣ ላይ ትንሽ ሱቅ የከፈተችው ልጃቸው ናት። አልጋው ላይ አረፍ ብለው ሁለቱን ታፋዎቻቸውን ጎን ለጎን አዩ። ግራው እንደነበረ አለ፤ የቀኙ ጡንቻ ሟሽሾ የልጅ ታፋ አክሏል። «ሰለለ» አሉ በቀስታ። እኔም አልሰለለም፣ ሥራ ሲያጣ ቀጠነ እንጂ፣ ሥራ ሲያገኝ ይመለሳል ብዬ አጽናናኋቸው።

ከዚያ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለፋሲካ ቁጢጥ ማለት እችላለሁ ወይ? ሁዳዴ ከገባ ገና ሦስት ቀኑ ነበር። ነገሩን ያስረዳችኝ ልጃቸው ናት። አባቷ የመንደሩ ቅርጫ ከፋይ ናቸው። በሬው ታርዶ ከተገፈፈ በኋላ ሥጋውን ብልት በብልት እየለዩ፣ ቅጠል ላይ በተደረደሩት መደቦች እኩል የሚያዳርሱት እሳቸው ናቸው። ይህም ከማለዳ እስከ ረፋድ ቁጢጥ ብሎ የሚሠራ ሥራ ነው። እናቷ ከሞቱ ወዲህ አባቷ ብቻቸውን ይኖራሉ። እሷ ሰቆጣ ቤቷ ውስጥ አንድ ክፍል አሰናድታ፣ አልጋ አንጥፋ፣ ይምጡልኝ እያለች ስትለምን ዓመት አልፏታል፤ እሳቸው አሻፈረኝ ብለዋል። እግራቸው ሲሰበር ግን ተዋዋሉ። ለፋሲካ ቁጢጥ ብለው መክፈል ካልቻሉ ቤቱንና መሬቱን ለወንድማቸው ልጅ ትተው እሷ ዘንድ ይገባሉ፤ ከቻሉ ይህ ወሬ ዳግመኛ አይነሳም። ቁጢጥ ማለት ያቃተው ሰው ማጨድም፣ እሳት ማንደድም፣ ሜዳ መውጣትም አይችልም፤ ይህ ነበር የሽማግሌው ክርክር።

«የታፋዎን ጡንቻ ያኮማትሩት፤ አምስት እስኪቆጥሩ ያቆዩት፤ ከዚያ ይልቀቁት» ብዬ አዘዝኳቸው። መጽሐፉ የሚለው እንዲሁ ነው፤ ጡንቻ ሲሠራ ይኮማተራል፣ ሲያርፍ ይላላል። እሳቸው አማርኛ ቢያውቁም ቤታቸው ውስጥ የሚናገሩት የአገሩን ቋንቋ ኽምጣንጋን ስለሆነ ልጃቸው ተረጎመችላቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ደጅ ላይ ተራ የሚጠብቅ ስለነበረ እንዲያሳዩኝ እንኳ ሳልጠይቅ ሸኘኋቸው።

በስምንተኛው ቀን ሲመለሱ ብሶባቸው መጡ። ጉልበታቸው ግማሽ እንደታጠፈ ቀርቷል፤ አይዘረጋም፣ ከዚያ በላይም አይታጠፍም። ተናደድኩ። ሥራውን አልሠሩም ብዬ ቆጣ ስል ሽማግሌው ተገረሙ። ቀንና ሌሊት ነው የሠራሁት አሉ። ልጃቸው ከጉልበታቸው ሥር ጆንያ ጠቅልላ አስገብታ፣ እግሩ እንዳይዘረጋ በመቀነት አስራ፣ እንዳይረግጡት ከልክላ ስምንት ቀን አስተኝታቸዋለች። ይህን ማን አዘዘሽ አልኳት።

«አንቺ ነሻ» አለችኝ። «ይኮማተር አላልሽም?»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር። ከትምህርት ቤት ደጅ ወጥቶ ለሚናገር ሰው የተኮማተረ ማለት ፀሐይ ላይ የተረሳ ቁርበት ነው፤ በፈላ ውሃ ታጥቦ የተበላሸ ሹራብ ነው። ልጅቱ ለአባቷ በኽምጣንጋ የነገረቻቸው ይታጠፍ፣ ይጨማደድ ብላ ነው፤ ምኑን አጠፋች? የባሰው ደግሞ እኛ ባለሙያዎቹ ታጥፎ የደረቀን መገጣጠሚያም በዚያው ቃል መጥራታችን ነው። እኔ መኮማተር አዘዝኩ፤ እነሱም ያዘዝኩትን አመጡልኝ። ይቅርታ ጠየቅኩ። ሽማግሌው ግን ሳቁ። የጎጃም አማርኛ ረቂቅ ነው፣ እኛ ዘንድ ሲደርስ ይቀጥናል አሉ።

ታዲያ ጡንቻ የሚያደርገው ምንድን ነው ብለው ጠየቁኝ። እጃቸውን ጤነኛው ታፋቸው ላይ አስቀምጬ ጉልበታቸውን ወደ አልጋው እንዲጫኑ አደረግኩ። ጡንቻው ከእጃቸው ሥር ጠንክሮ ተነሳ።

«ይሄማ መወጠር ነው» አሉ። «ወጥር ብትዪኝ ምን ነበረበት?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ ክፍል ውስጥ የሚሠራው ቃል «ይወጥሩ፣ ይልቀቁ» ሆነ። ሳስበው የሽማግሌው ቃል ከመጽሐፉ ይሻላል። ሸክም ተሸክሞ ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው ጡንቻው ምንም አያጥርም፤ መሥራቱን ግን ላቡ ይመሰክራል።

እያሸሁ፣ እየዘረጋሁ፣ እያጠፍኩ ስንጨዋወት ጡንቻን ከእኔ አሳንሰው እንደማያውቁት ተረዳሁ። የእኔ ዕውቀት ከሥዕል የመጣ ነው፤ የእሳቸው ከቢላዋ። ሥጋ አካሄድ አለው አሉኝ፤ ቋንጣ ስትዘለዝይ በአካሄዱ ትሄጃለሽ፣ ለጥብስ ስትከትፊ አቋርጠሽ ትቆርጫለሽ። እያንዳንዱ የክር እስር በስስ ነጭ ሽፋን ተጠቅልሏል፤ ሽፋኖቹ ጫፍ ላይ ተሰብስበው ጅማት ይሆኑና አጥንት ይይዛሉ። ጭቅና የሚለሰልሰው ሥራ ስለማይበዛበት ነው፤ ወርች የሚጠነክረው ሲራመድ ስለሚውል ነው። ከዚያ ቀጭኑን ታፋቸውን ጠቆም አድርገው «ይኸው ጭቅና ሆኜልሻለሁ» አሉ። ልጃቸው በጾም ምድር ስለ ሥጋ ይወራል ብላ ብትቆጣ፣ ወሬ አያስገድፍም ብለው መለሱላት።

እኔ የጨመርኩላቸው ቢላዋ የማይደርስበትን ነው። በዓይን የሚታየው ክር በውስጡ ሌሎች ክሮች አሉት፤ በእነዚያም ውስጥ ወፍራምና ቀጭን ሆነው ጎን ለጎን የተደረደሩ ክሮች አሉ። ከነርቭ ትእዛዝ ሲመጣ ከወፍራሙ የወጡ ትንንሽ እጆች ቀጭኑን ይይዙና ይስቡታል። ክሮቹ አያጥሩም፤ አንዱ በሌላው መሃል ይንሸራተታል እንጂ። ሽማግሌው ትንሽ አሰቡና ከጉድጓድ ውሃ እንደማውጣት ነዋ አሉ። ገመዱ አያጥርም፤ እጅ ይይዛል፣ ይስባል፣ ይለቃል፣ ዝቅ ብሎ እንደገና ይይዛል። አራት ዓመት ስማር እንደዚህ ያለ ምሳሌ የነገረኝ መምህር አልነበረም፤ ዛሬ ለተማሪዎች ሳስረዳ ሳላፍር እጠቀምበታለሁ።

አንድ ቀን ደግሞ ሲገርማቸው የኖረውን ነገር ጠየቁኝ። በሬ እንደታረደ ሥጋው ትኩስ ሳለ ቢላዋ ሲነካው ይንቀጠቀጣል፤ ሲቆይ ግን እንደ እንጨት ይደርቃል። የሞተ ነገር ለምን ይወጥራል? እነዚያ እጆች ለመሳብ ብቻ ሳይሆን ለመልቀቅም ስንቅ ይፈልጋሉ አልኳቸው። ሲሞት ስንቁ ያልቃል፤ እንደያዙ ይቀራሉ።

«መልቀቅም ጉልበት ይፈልጋል በይኛ» አሉ። ልጃቸው ቀና ብላ አየቻቸው።

ጉልበቱ ለመፈታት ሦስት ሳምንት ፈጀ። ሥጋና ወተት በሌለበት ጡንቻ እንዴት ይመለሳል ብዬ ተጨንቄ ነበር፤ ለሕክምናው እሷ ቤት ስለሰነበቱ ግን ልጅቱ ሽሮውንም፣ ባቄላውንም፣ ምስሩንም ሳታስተጓጉል ታቀርብላቸው ነበር። የሚደንቀኝም ይኸው ነው። ልጅቱ አባቷን ቤቷ ለማስቀረት እጇን አጣጥፋ መቀመጥ ብቻ ይበቃት ነበር። እሷ ግን ማለዳ ሱቋን ሳትከፍት «ይወጥሩ፣ ይልቀቁ» እያለች ትቆጥርላቸው ነበር። ስምንቱ ቀን በእሷ እጅ ስለጠፋ ይሆን ብዬ ጠየቅኳት። አይደለም አለችኝ፤ አባቷ ወድደው እንጂ ተሸንፈው እንዲመጡላት አትፈልግም።

የመጨረሻው ችግር ቁጢጥ ለማለት መውረዱ ነበር። የበሩን መቃን ይዘው መነሳት ችለዋል፤ ሲቀመጡ ግን እንደ ጆንያ ዱብ ይላሉ። የዋግ ሰው ይህን ያለ ትምህርት ያውቀዋል፤ ዳገት ትንፋሽ ይጨርሳል፣ ታፋን የሚያርደው ቁልቁለት ነው። ቁልቁል ሲኬድ ጡንቻው እየተዘረጋ ይይዛል፤ የሚለቀውም ጥቂት በጥቂት ነው። ከሥራ ሁሉ ጡንቻን የሚጎዳው ይኸው ነው፤ ሕመሙም በማግሥቱ ወይም በሁለተኛው ቀን ይበረታል። ስለዚህ ወደ መንደራቸው ሲመለሱ ከፋሲካ በፊት ባሉት ቀናት እግራቸውን እንዲያሳርፉ አጥብቄ ነገርኳቸው።

ስቅለት ማታ ልጃቸው ደወለችልኝ። ሲሰግዱ ውለዋል።

ወይ ጉድ! ሰው ሁሉ ሲወድቅ ሲነሳ እኔ ቆሜ ልይ? ብለዋታል። እኔ ራሴ ከስግደት የማልቀር ክርስቲያን ስለሆንኩ ምን እላለሁ? በጣቴ ብቻ ቆጠርኩ፤ ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ። ሕመሙ አናት ላይ የሚወጣው ልክ በፋሲካ ጠዋት ነው።

ቅዳሜ ከልጅቱ ጋር ወጣን። መኪናው ካወረደን በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል በእግር ሄደን መንደሩ ደረስን። በማግሥቱ በሬው ተገፎ፣ ቅጠሉ ተጎዝጉዞ፣ ሰው ሁሉ ክብ ሠርቶ ቆሟል። ሽማግሌው ቢላዋቸውን ይዘው መጡ፤ ሲራመዱ ገና ታፋቸው እንደሚቆጠቁጣቸው ታወቀኝ። የወንድማቸው ልጅ በርጩማ አቀረበላቸው። በእጃቸው ገፋ አደረጉት። ከዚያ መውረድ ጀመሩ። ፊታቸው ጠቆረ፣ ከንፈራቸውን ነከሱ፤ ግን ዱብ አላሉም። ተረከዛቸው መሬት እስኪነካ ድረስ ቀስ ብለው፣ ቀስ ብለው ወረዱ።

ረፋድ ድረስ ከፈሉ። ሻኛው፣ ሽንጡ፣ ዳቢቱ፣ ጉበቱ ሳይቀር መደብ ለመደብ እኩል ደረሰ። ዕጣውን እንግዳ ይጣለው ተባለና እኔ ጣልኩ። ያጉረመረመ የለም።

የቀረው መነሳቱ ነበር። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሞከሩ፤ ታፋቸው ተንቀጠቀጠ፣ ተመልሰውም ቁጢጥ አሉ። ልጅቱ አንድ እርምጃ ተራመደች፤ ከዚያ ራሷን ገትታ ቆመች። ሁለተኛ ሞከሩ። ተነሱ።

እልል ያለ የለም፤ እያንዳንዱ መደቡን ወደ ማንሳት ሄደ። እኔ እንባዬ መጣ፤ ደስታ ነው፣ ምን እሸሽገዋለሁ። ልጅቱም ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ ታለቅሳለች። የእሷ ደስታ ብቻ እንዳልሆነ አውቄያለሁ፤ አልጋ የተነጠፈበት ያ ክፍል ባዶውን ይቀራል። ሽማግሌው የደረሳቸውን ሥጋ ይዘው እያነከሱ ወደ እሷ መጡና ግማሹን አስያዟት።

«ክፍሉን ለሰው እንዳትሰጪብኝ» አሏት። «የገበያ ቀን እየመጣሁ አድርበታለሁ።»

«በእግርዎ፣ አባ?» አለች።

«ታዲያ በማን እግር?»