ደስ ላለው ሥራ የማያስከፍለው ባሌ

ባሌ እንጨት ሲቀርጽ ያየው ሰው አፉን ይዞ ይቀራል፤ ዋጋ ሲናገር ግን ኡኡ ያሰኛል። እስቲ አወጣጡን ስሙልኝ። እንጨቱን ያስባል፣ ኮላውን፣ ቫርኒሹን። መጋዙንና መላጉን ይጨምራል። በብርጭቆ ወረቀት የፈተገበትንማ አጥብቆ ነው የሚያስከፍለው፤ አቧራው ስለሚያስነጥሰው አምርሮ ይጠላዋል። ከዚያ ዝም። «ቅርጹስ?» ስለው፣ «እሱማ ደስ እያለኝ የሠራሁት ነው። ደስ ብሎኝ ለዋልኩበት ሰው ላስከፍል እንዴ?» ይለኛል። ኧረ በሕግ አምላክ!

ለአንድ ወንበር መደገፊያ ሳምንታት አጎንብሶ ወይኑን ከነቅጠሉ፣ ወፏን ከነላባዋ ያወጣል። ወገቡ አልቀና ሲለው የማሸው እኔ ነኝ። እሱስ ደስ ይበለው፤ እኔ ማሸቱ ደስ አይለኝም፤ የኔን ማን ይክፈለኝ?

ዕቃውን የሚወስደው ከተጋባን ጀምሮ አንድ ነጋዴ ነው። «ወንድምዓለም» እያለ ይመጣል፣ ያስጭናል፣ ይሄዳል። በቀደም ከእህቴ ጋር በሱቁ ሳልፍ የባሌን ወንበር በመስታወቱ አየሁትና ገብቼ ዋጋውን ጠየቅኩ። ሻጯ ስትነግረኝ እህቴ ክንዴን ጨመቀችው። ባሌ ከሸጠበት አምስት እጥፍ! «ምነው እንዲህ ተወደደ?» ብላት፣ «እንጨቱማ ያው እንጨት ነው እመቤቴ፤ የሚከፈለው ለቅርጹ እኮ ነው» አለችኝ። ደሜ ፈላ። እንዴት እቤት እንደደረስኩ እኔ አላውቅም።

ያንገበገበኝ ግን ገንዘቡ ብቻ አይደለም። ልጃችን ከአባቷ ጎን መሮ ይዛ ነው ያደገችው፤ እጇ ከሱ ይበልጣል፣ እሱም አይክድም። በቅርቡ ግን በቃኝ አለች። «እማዬ፣ በነጻ የሚታደል ሙያ ይዤ ላርጅ?» ብላ የቺፕውድ ቁምሳጥን የሚገጣጥሙበት ፋብሪካ ተቀጠረች። ሰኞ ልትጀምር ነበር። አባትየው እህል አልወርድ ብሎት ሰነበተ፤ ተይ ለማለት ግን ምን አፍ አለው?

ቅዳሜ ነጋዴው መጣ። የሚወስደው የአልጋ ራስጌ ነበር፣ ልጄ ብቻዋን የቀረጸችው። ባሌ እንደ ልማዱ እንጨቱን፣ ኮላውን፣ ፍተጋውን ደምሮ ሊጨርስ ሲል፣

«ቅርጹስ አባዬ?» አለችው።

ዞር ብሎ አያት። «ስትሠሪው ደስ አላለሽም?»

«በጣም እንጂ! እንደዚህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ታዲያ ልመርቅለት?»

የራሱን ልፋት ሲበትን የኖረ ሰው የልጁን መበተን አቃተው። ለነጋዴው የቅርጹን ዋጋ ነገረው፤ የእንጨቱን ሦስት እጥፍ። እኔ ራሴ ክው አልኩ። አሁን ጥሎን ይሄዳል ብዬ በሩን በሩን አየሁ።

ሰውየው «እሺ» አለ። እሺ! ቅንድቡ እንኳ አልተነሳም። አንዲት «ቀንስልኝ» ከአፉ ሳትወጣ ከኪሱ አውጥቶ ለልጄ ሰጣት። የሰው ያለህ! ለካ ዋጋውን ድሮም ያውቀው ኖሯል፤ ጠያቂ ስላጣ ነው ዝም ብሎ ሲጭን የኖረው።

ልጄ ገንዘቧን ይዛ፣ «ቀጣዩን ከመጀመሬ በፊት በዋጋው እንስማማለን» አለችው። የፋብሪካውን ነገር በዚያው ተወችው።

ነጋዴው ከወጣ በኋላ ባሌ አግዳሚው ላይ ቁጭ አለ።

«ይሄን ሁሉ ዓመት ብጠይቀው ኖሮ ይከፍለኝ ነበር ማለት ነው?» አለኝ።

ዘመኔን ሙሉ ስጮህበት የኖርኩት ሴትዮ ጎኑ ተቀምጬ ወገቡን ማሸት ጀመርኩ።